አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት

ኤድመንተን ላይ ኅዳር ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ።
እኔ ከሥራ ስገባ፣ አንተ ከእንቅልፍህ ስትነሳ፣
በር ላይ ተላለፍን። ጓንትህን አቀበልኩህ።
«ምስሩ ምድጃ ላይ ነው» አልከኝ፤ «እሺ» አልኩህ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ትዳራችን እንዲህ ነው፤
አንድ አልጋ አለን፣ በፈረቃ የምንተኛው፤
አንተ ትተኸው የሄድከውን ሙቀት እኔ እወርሳለሁ፣
ሲነጋ ሳልጨርሰው መልሼ አወርስሃለሁ።

ባለፈው መስከረም ነው ናርዶስ የተቆጣችን፤
«አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ይንዳችሁ!» ያለችን።
ትኬቱን ራሷ ቆረጠች፣ ሻንጣውን ራሷ ሞላች፣
የጉልበትህን ቅባት ሳይቀር ካልሲ ውስጥ ወተፈች።

ከቤልግሬድ እስከ ኢስታንቡል፣ አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ፣
አርባ ሁለት ነፍስ ባንድ አውቶቡስ፤ ጡረተኞች ናቸው ሁሉ፤
የሳስካቸዋን ስንዴ አራሽ፣ የሬድ ዲር አስተማሪ፣
ባሏን በቀበረች በወሩ፣ ትኬቱ እንዳይቃጠል የመጣች ማርጆሪ፤
እኛ ደግሞ መጨረሻ፣ ከሽንት ቤቱ በር ሥር፣
ዳቦ ቆሎ ለጎረቤት በእፍኝ ስናሻግር።

ጠዋት ጠዋት ድራጋና፣ ቢጫ ጃንጥላዋን ይዛ፣
እንቅልፍ ባረበበው ፊታችን ላይ ጣቷን መዝዛ፣
«ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ...» እያለች እኛ ጋ ስትደርስ፣
አርባ አንድ እኔ፣ አርባ ሁለት አንተ፤
ያኔ ነው ጎራን ሲጋራውን ጥሎ ሞተሩን የሚቀሰቅስ።

አንተ ግን ተሳፋሪነት የት ለምዶልህ!
ከኮቶር በላይ፣ ያ መንገድ እንደ አንጀት ሲጠማዘዝብህ፣
ቀኝ እግርህ የሌለ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ሲደበድብ፣
ማርጆሪ ዞር ብላ፣ «ባልሽ ነው እንዴ የሚነዳን?» አለች።
«አዎ» አልኳት፤ «ያኛው ሰውዬ መሪ ብቻ ነው የያዘው።»
ከቀብሩ ወዲህ ያን ቀን መሰለኝ መጀመሪያ የሳቀችው።

ሞስታር ላይ፣ ከድልድዩ ሊዘል ያለ ጎረምሳ
ባርኔጣውን ሲያዞር አምስት ዩሮ ሰጠኸው፤
ሲዘል ግን ፊትህን አዞርክ።
«ሲወጣ ንገሪኝ» አልክ።

ደግሞ ሳራዬቮ፣ ያቺ አልጋዋ የምትጮህ ክፍል፤
መብራቱን አብረን አጥፍተን፣ አብረን ስንተኛ እኩል፣
ሌሊት ላይ ድምፅህ ቀሰቀሰኝ፤
«አሥራ ሰባት ዶላር ከሃምሳ፣ ጌታዬ። በሩን ቀስ አድርገው» አልከኝ።
ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ፣ ተኝተህ ሒሳብ እንደምትቀበል
አላውቅም ነበር።
ጠዋት ስነግርህ «አንቺስ?» አልክ፤ «ብርድ ልብሱን ከላዬ ገፈሽ፣
አራት ቦታ አጥፈሽ፣ ግርጌ ስትደረድሪ ነው ያደርሽ።»
የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ለካ ተከትሎኝ መጥቷል፣
ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ያለ ትኬት።

ኢስታንቡል፣ የተሸፈነው ገበያ በር።
ድራጋና ቆጠረች፤ አርባ አንድ።
ደግማ ቆጠረች፤ አርባ አንድ።
ማንም አላናገረኝም። ሁሉም ጫማውን አየ።
ያን ለት ነው የገባኝ፣ ሰው ከቁጥር ሲጎድል
ወንበሩ እንዴት እንደሚሰፋ።
ለካ አንተ ማዶ፣ ከቱርኩ ባለታክሲ ጋቢና ተቀምጠህ፣
ያለ ቋንቋ፣ በጣትና በቅንድብ፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ ታማርራለህ!
ሰደብኩህ። ከዚያ እጅህን ያዝኩ፤
እስከ ካናዳ የለቀቅኩት አይመስለኝም።

አሁን ምስሩን በልቻለሁ። ከዚያ ያመጣነው ሰማያዊ ሳህን
ግድግዳው ላይ ዛሬም እንደ ተንጋደደ ነው።
አልጋው ለአንድ ሰው ሰፊ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፍህ በሩን ይቧጥጣል፤
ከጫማህ በረዶውን ስታራግፍ ይሰማኛል።
እኔ፣ በጨለማው ውስጥ፦ «አርባ አንድ።»
ዝም። ዚፕ ሲከፈት። ሳል።
«አርባ ሁለት።»

አውቶቡሱ የለም፤ የምነሳው እኔ ነኝ፣ ሥራ ይረፍድብኛል።
ቶሎ ግባበት፤ ገና አልበረደም።