የአውራ ጣት ሥራ

የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ጂሪ ተራራ ሥር፤
አሥራ ስድስት ልጆች፣ አሥራ ስድስት ከረጢት፣ ስልኩ ከነቁጥር።
ሐኪሟ ቀን ቀን ትመጣለች፣ ወንበር ስባ ትጠይቃለች፦
«ስንት ሰዓት ታያለህ? ምሳ ትዘላለህ? ሲነጥቁህስ ትቆጣለህ?»
ሰባት ቁጥር ዱሂዮን ራሱን ይነቀንቃል፤
ግማሹን ይናገራል፣ ግማሹን ይውጣል።

እኔ የሌሊት ዘበኛ ነኝ። በወረቀት አልጠይቅም።
ባትሪዬን ይዤ ስዞር ግን፣ ጣት መዋሸት አይችልም፤
ልጁን እንቅልፍ ወስዶታል፣ አውራ ጣቱን አልወሰደውም።
ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ደግሞ ይገፋል፣
ጨርቁ ሥር የሚቀጥለው እንዳለ ያህል፣
ከሚቀጥለውም የሚቀጥል።

በሦስተኛው ቀን ጮኸ፣ በሩን በእርግጫ መታ።
በአምስተኛው አለቀሰ፣ ከቁርስ እስከ ማታ።
በስድስተኛው ወጥ ቤት ገብቶ ቆመ፣
እጁን የት እንደሚያኖር ጠፍቶት።

አብሳይዋ ኦክቡን ምክር የሚባል አታውቅም፤
ነጭ ሽንኩርት በጆንያ ጎትታ አስቀመጠችለት።
«ላጥ» አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችለት።

አውራ ጣቱ ቅርፊቱን ገፋ፣ ደግሞ ገፋ፤
ያው የለመደው ነው፣
ይሄኛው ግን መጨረሻ አለው።
ጆንያው ጎደለ። ጎደለ። አለቀ።
ባዶውን አራገፈው፣ ውስጡን አየ፣
ማንም ሳያስቀው ሳቀ።

ድኗል አልልም። እኔ ምን አውቄ?
ትናንት ማታም ጣቱ ብርድ ልብሱን ገፍቷል።
ብቻ ጎንበስ ብዬ ሳለብሰው፣
ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።