ዝም ያለ ውሃ

ሊካን፣ ጓንትህን አውልቅ፣ ወዲህ ቅረብ፤
የሌሊት ፈረቃ አይገፋም በረሃብ።
የፖርቶ ሞንት ዝናብ ዛሬም ጣሪያውን ይደበድባል፤
የእራት ሰዓታችን ሃያ ደቂቃ፣ ማይክሮዌቯ አንዲት፣ ሰልፉ ግን በሩን አልፏል።

ይህችን ሳጥን አትናቃት፣ ነበልባል የላትም ብለህ፤
ምግቡ ውስጥ ያለው ውሃ ነው የሚቀቅልልህ።

ድንቿን እናትህ ከቺሎኤ ልካታለች፤
ሐምራዊ ቆዳዋን ግጥም አድርጋ ለብሳለች።
በሹካ ውጋት፣ አምስት ስድስት ቦታ፣ አትዘንላት፤
መተንፈሻ ያጣ ነገር መፈንዳት አይቀርለት።
እንቁላልማ ከነቅርፊቱ — ተው! ፈጽሞ አይሆንም፤
ሮሄልዮ ሞክሮት በሩን ሦስት ቀን ፋቅን፣ ሽታው ዛሬም አልለቀቀም።

ሩዝህን መሃል አትከምር፣ ዳር ዳሩን ዘርጋው፤
ሙቀት መሃሉን አይደፍርም፣ ጠርዙን ነው የሚወደው።
አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርግ፣ ክዳኑን ገርበብ፤
ሲጋመስ አውጣና አማስለው፣ የዳሩ ወደ መሃል ይሰብሰብ።

ብረት አይገባም። ፎይል አይገባም።
አክስትህ የሰጠችህ ኩባያ፣ ከንፈሩ ወርቅ ቅብ ነው፣ እሱም አይገባም፤
ያ ቀጭን መስመር መብረቅ ይጠራል፣ ዘመድ አዝማድ አይልም።

አሁን እጄን እየው። አዎ፣ ይህን ጠባሳ።
በዘይት አልነበረም፣ በጋለ ብረትም አልነበረም፤
በውሃ ነው። ያውም ዝም ባለ፤ አረፋ የለው፣ አይንፈቀፈቅም።
ልሙጥ ኩባያ፣ ሁለቴ ያሞቅሁት፣ እንደ መስታወት የተኛ፤
ስኳር ጠብ ሳደርግበት ዘሎ ያዘኝ፣ እንደ በቀለኛ።

ኤርሚንዮ፣ ባሌ፣ እንደዚያ ውሃ ነበር፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም፤ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ጨው አቀብለኝ ብለው ብቻ — ይቅር።
አንተ ውሃ ስታፈላ የእንጨት ማንኪያ ጣልበት፤
የሚያጉረመርምበት ነገር ይኑረው፣ ቂም ሳይቋጥር በፊት።

ጮኸች። ቆይ! አትቸኩል፣ እጅህን መልስ፤
ሙቀቱ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ጠብቀው፣ መሃሉ እስኪደርስ።
ክዳኑን ወደ ራስህ ሳይሆን ወደዚያ ማዶ ክፈት፤
እንፋሎቱ ግድግዳውን ይግረፍ፤ ፊትህ ገና ብዙ ይቀረዋል የሚስቅበት።

እናትህ ስትደውል ስልክህ ሲያበራ አይቻለሁ፤
ለምን እንዳላነሣኸው አልጠይቅም፣ እንደተቆጣህ ግን አውቃለሁ።
መልሱን አሁን አትላክላት፣ እንደ ሩዙ ትንሽ ይቀመጥ፤
ዳርህ ነው የፈላው፣ የመሃልህ በረዶ ገና ሳይቀልጥ።

በል ድንቿን ቁረስልኝ፣ የድርሻዬን ልብላ፤
ባዶዋንም እንዳታስነሣት፤
የምታሞቀው ያጣች ሳጥን ራሷን ነው የምትበላ።