የተፋቀ ስም

ብቸና ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፤
መብራት ከሄደብን ሦስተኛ ቀን ሆኗል፤
ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ያጓራል።
እኔ ግን በሻማ፣ ተሻግሬ ሁለት መቶ ዓመት፣
አንድ ሰው ልገድል ተቀምጫለሁ በዚህ ሌሊት።

የምገድለው ቁም ጸሐፊ ነው፤ ወልደ ሐዋርያት።
ቆዳ ፍቆ፣ በወስፌ ወግቶ፣ መስመር አስምሮ፣
የዳጉሳ ቂጣ ቆርጥሞ፣ ውሃ ተጎንጭቶ አድሮ፣
ድርሳን ሲጽፍ የኖረ።
ጠዋት ተገኘ፣ ግንባሩ አትሮንሱ ላይ ወድቆ፣
አንድ ቅጠል ተገንጥሎ፣ አንድ ስም በምላጭ ተፍቆ።

ማን ገደለው? እኔም አላውቅም ነበር እውነቱን፤
እስከ ምዕራፍ ስድስት ስጠረጥር ከረምሁ ዕቃ ቤቱን፤
ከዚያ መጋቢውን፤ ከዚያ ያን ዝምተኛ ተማሪ፣
ከዳሞት የመጣውን፣ ሌሊት ሌሊት ቅኔ ቆጣሪ።

መርማሪዬ እማሆይ ሥርጉት ናቸው፤
የፍየል ብራና ከበግ ብራና በሽታው የሚለዩ።
«ማን ገደለ?» አይሉም፤ ከደጀ ሰላሙ ቆመው፣
«ከፍልሰታ ወዲህ ማን ነው ያልቆረበው?»
ይጠይቃሉ ደጋግመው።

ረቂቁን ለመሪጌታ ዕንባቆም ሰጠሁ፤
ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣
ጋዜጣ እንኳ በዜማ የሚያነቡ፣ በቀረች አንድ ዓይናቸው።
«ልብ ወለድ ውሸት ነው» አሉኝ፤ ቢሆንም ወሰዱ፤
በሳምንቱ መጡ፣ ወረቀቱን በጋቢ ጠቅልለው፣
በብርድ እየራዱ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ስተሻል፤ ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት።
የሟቹ ኑዛዜ ‹ጳጉሜን ስድስት፣ በዘመነ ማርቆስ› ይላል።
በማርቆስ ጳጉሜን አምስት ናት፤ ስድስት የምትሆን በሉቃስ፤
ይህን ሕፃን ያውቃል።»

አፈርሁ። ልሰርዝ እስክሪብቶ አነሣሁ።
እጄን ያዙኝ።
«ተዪው፤ እንዳትነኪው።
ውሸታም ሲጽፍ ይቸኩላል፤ ቀን አይቆጥርም።
ይህን ኑዛዜ ሟች አልጻፈውም፤ የጻፈው ገዳዩ ነው።»

ስምንት ወር የፈለግሁት ቁልፍ ከገዛ ስህተቴ ኪስ ወጣ፤
ልስቅ፣ ላመሰግን ስል፣ የሽማግሌው ፊት ነጣ።

«እንዴት አወቁ?» አልኋቸው።
ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ በረታ።
«ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ...» ብለው ጀመሩ፤
ግዝቱን ሳይጨርሱ ዋጡት።

ከዚያ እኔ ያልጻፍሁት ታሪክ መጣ፦
በሃያ ዓመታቸው፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ፣ በአንዲት ደብር፣
ወለተ ሣህል የምትባል መበለት የሰጠችው መጽሐፍ ነበር፤
ለባሏ ነፍስ ስትል ጥማድ በሬ ሸጣ ያስጻፈችው።
አንድ ባለጸጋ ብር ቆጠረ፤ ስሟ ተፍቆ
የእሱ ስም ገባ በቦታው።

«የደሃ ስም ቀጭን ነው፤ ምላጭ ሁለቴ ሲነካው ጠፋ።
ቀኑን ግን ተሳሳትሁ። ጳጉሜን ስድስት አልሁ፣ በማቴዎስ።
ስድሳ ዓመት ሙሉ የሚደርስብኝ አንባቢ ጠበቅሁ፤
አንድ አንባቢ ጠፋ።»

ሻማው አለቀ። ሌላ አልለኮስሁም።

«ያንቺው ገዳይ ይናዘዛል?» አሉኝ ከጨለማው።
«ገና አልደረስሁበትም» አልሁ።
ዱካ መበተን ዐውቃለሁ፤ ጥርጣሬ መዝራት፤
በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሬሳ ማስቀመጥ።
ይቅርታ ግን እንዴት ይጻፋል? ስንት ገጽ ይፈጃል?
እሳቸውም አልነገሩኝ።

ሲነጋ ረቂቁን ገለጥሁ፤ ምዕራፍ ዐሥራ አራት።
የገዳዩ ስም በነበረበት ቀዳዳ አገኘሁ፤
በምላጭ ፍቀውታል፣ ብራና መስሏቸው፤
ወረቀት ደግሞ መፋቅ አይችልም፤ ተበሳ።

እስከ ዛሬ አልለጠፍሁትም።
ባነበብሁት ቁጥር በቀዳዳው
ከሚቀጥለው ገጽ አንዲት ቃል ብቻ ትታያለች፦
«ደጅ»።