የሰው ወርቅ

ሐሙስ ሌሊት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ፣
ግዳንስክ ተኝቷል፣ ባሕሩም ከኋላ።
የጋራዡ መዝጊያ ገርበብ ብሎ ቀርቶ፣
ትራም ቁጥር ስድስት በረዶ ተቀብቶ።
ባልዲዬን አንስቼ፣ መጥረጊያዬን ይዤ፣
ማዳመጫ ሰክቼ ባንድ ጆሮዬ
(ሌላው ከተሰበረ ከርሟል፤
አንዱም ይበቃል)
እገባለሁ።

«እንደምን አመሻችሁ» ይላል ቪቶልድ፣
ድምፁ እንደ ደረቅ ዳቦ የሚፈረፈር፤
ማልቪና ከጎኑ ትስቃለች ገና ሳይጀምር።
ከኋላቸው ፍሪጅ ያጉረመርማል፤
ወጥ ቤት ነው የሚቀዱት፤ ያስታውቃል።

ሥራቸው ይኸው ነው፤ በሳምንት አንድ ዘፈን፤
መጀመሪያ የዘፈነውን ሳይሆን፣
ከሱ ተውሰው የዘፈኑትን
ካለበት ፈልገው፣ አቧራውን አራግፈው
ያሰሙናል እኛን።
አንዱ ያለቀሰበትን ሌላው ይጨፍርበታል፣
አንዱ የሮጠበትን ሌላው ያዘግምበታል፤
የማዕድን ቆፋሪዎች ማርሽ ባንድ
ጥሩንባ ነፍቶ ሠርግ ያደርገዋል፤
የሕፃናት ኳየር
ግጥሙን ረስቶ «ላላላ» ይለዋል።
«ይሄ ወንጀል ነው» ትላለች ማልቪና፤
«ድገሚው» ይላታል፤
ትደግመዋለች።

እኔም መስኮት ስወለውል እስቃለሁ፤
ከወንበር ሥር ማስቲካ ስፍቅ እፈርዳለሁ፦
ይሄ ልኩ ነው፤ ያኛው ሰፍቶታል፤
ይሄኛው እጅጌው አጥሮት ክርኑ ላይ ቀርቷል።

የዛሬው ዘፈን
አባቴ የሚያፏጨው ነበር፣
ከመርከብ ፋብሪካ ሲመለስ፣ ደረጃ ሲወጣ።
ሦስተኛው ስንኝ ላይ፣ ዜማው ሽቅብ ሊል ሲል፣
አንዲት እርከን ይዘላል፤ ሁልጊዜ፤ ያችኑ፤
የተሰበረችዋን ደረጃ በጨለማ እንደሚያውቅ ሰው።
«ተሳስተሃል አባ» እለው ነበር በዘጠኝ ዓመቴ፤
ፒያኖ እማር ነበር፤ ዐዋቂ ነበርኩ።
ዝም ይላል። በነጋታው ያችኑ ይዘላል።
እስኪሞት ድረስ አረምኩት።

አሁን ቪቶልድ «የመጨረሻዋን ስሙ» አለ፤
«ከአሮጌ ዕቃ ተራ ያገኘኋት ሸክላ፣ ጠርዟ የተፈለፈለ፤
ግዲኒያ፣ የመርከበኞች ክበብ፣ የቅዳሜ ጭፈራ፤
አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጣቱ አንዲት ጎደሎ፣
ስሙም አይጠራ።»

መርፌው ተንሻጠጠ። አኮርዲዮኑ ተነፈሰ።
አንደኛው ስንኝ። ሁለተኛው።
ሦስተኛው ላይ
ዘለላት።
ያችኑ።

ባልዲው ከእጄ ወደቀ፤
ውሃው በወንበሮቹ መሐል እስከ ሹፌሩ በር ፈሰሰ፤
እኔ ቆሜያለሁ።
አባቴ ለካ አልተሳሳተም።
አባቴ ለካ ጨፍሯል፣
እኔ ሳልወለድ፣ በአንድ ቅዳሜ፣
ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣
ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ።

«አንድ ኖታ ጎድሏታል» አለች ማልቪና።
«ጣት ነው የጎደለው» አለ ቪቶልድ።
ከዚያ ፍሪጁ ብቻ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትል ነበር፤
የጓደኛዬን ኮት ለብሼ ብወጣ ከደጅ ትመልሰኝ ነበር።
እውነቷን ነው፤ ለወርቅ ይሆናል፤ ለኮትም።
ዜማን ግን የተዋሰ ሁሉ
ጎደሎውን ትቶበት ይመልሳል።

አስር ተኩል ላይ ሹፌሩ ኦልጊየርድ መጣ፣
በረዶውን ከጫማው እያራገፈ፦
«ምነው፣ ወለሉ ሐይቅ ሆነሳ?»
«ዝም በል» አልኩት፤
ደህናዋን ማዳመጫ
ከጆሮዬ ነቅዬ በጆሮው ከተትኩ፤
አስራ አምስት ሴኮንድ ወደ ኋላ መለስኩ።
አንገቱን አዘንብሎ ሰማ።
«ሦስተኛው ላይ ተሳስቷል» አለ።
«አዎ» አልኩት።
«ድገመው።»