የቀባነው ግድግዳ

ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ከላይ ቀርቶ፣
የአጥቢያችን ወጣት ሚኒባሱን ሞልቶ፣
ስድስት ጣሳ ቀለም ከመቀመጫ ሥር፣
ካናቴራው ደረት የታተመ «ፍቅር»።

ከደሴ ኮምቦልቻ — ያቺው ቅርብ መንገድ —
ሩቅ አገር መሰለን ለጽድቅ ስንሄድ።

ሸምሲያ ሱሪ ሰፊ፣ የፓርኩ ሠራተኛ፣
ከሁለት ባልንጀር በተራ የምትተኛ፤
ፍራሹ አንድ ነው፣
አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሌላዋ ትነሣለች።

ጢስ የላሰውን ጭቃ
ውሃ ሰማያዊ ቀባነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ።
ፎቶ ተነሣን። አለቀስንም።
ደስ ሲል ማልቀስ፣
ማታ ወደ ቤቱ ለሚመለስ!

በወሩ ብቻዬን ወረድኩ፣
የረሳነውን መሰላል ልወስድ።
አከራዩ ጋሽ አሊጋዝ በር ላይ ቆመው
ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ እያደረጉ
«እንዴት አምሯል!» አሉኝ፤ «እግዜር ይስጣችሁ።
አሁንማ ስድስት መቶ ጨምሬበታለሁ።»

ሸምሲያ ድስቷን በማዳበሪያ ከረጢት ታስራለች።
አንገቴን ስደፋ አይታ ሳቀች።
«አብሽር ወንድሜ፣ ቀለሙ ምን አጠፋ?
ደሞዜን የቀባው የለም እንጂ፤
እሱ እንዳለ ነው።»
መሰላሉን ይዛልኝ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ።

እሑድ ሪፖርት ሞላሁ።
«ስንት ቤት አደሳችሁ?» ይላል ቅጹ።
አንድ።
«ስንት ሰው ተጠቀመ?»
ብዕሬ ቆመ።
ጋሽ አሊጋዝን ልቁጠር?

ስንት ሰው አስወጣችሁ የሚል ሣጥን የለውም፤
ከመስመሩ ውጭ፣ ጠርዙ ላይ፣
በራሴ እጅ ጻፍኩት፦
ሦስት።