በፕላስተር ሥር

ቪትዜን ሰው ሲጠራት «የስፌት መኪና»፣
ማራኪ ሰፈር ውስጥ ሳልፍ በጎዳና፣
ሆዴን በላኝና
የጥጋቡ ብየዳ ቤት ወሰድኳት ቅዳሜ፤
«ድምፅ ስጥልኝ» አልኩት ከጎኑ ቆሜ።
ማርሚታዋን ቆርጦ ጣለው ከደጃፉ፣
ወፍራም ቱቦ ሰካ፣ ክንድ የሚያህል አፉ፣
ጫፉ የሚያብረቀርቅ፣
ገና ሳይነሳ ሰው የሚያስጠነቅቅ።

አቤት ያን ለታ ማታ!
ጎሃን ስወጣው ውሻው ሁሉ ተንጫጫ፣
ዘበኛው ባትሪውን አበራ ከመውጫ።
እኔ ዝምተኛው፣ የሒሳብ መምህሩ፣
ለካ ጉሮሮዬ ከመኪና ነው ሥሩ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ወደ አዘዞ ስሄድ፣
ቢጫ መብራት በራች፣ ድምፅ የሌላት ፍርድ።
ትንሽ የሞተር ሥዕል፣ ጥፍር የማትሞላ፣
ያን ሁሉ ጩኸቴን በዝምታ የምትበላ።

አንዱ መካኒክ መጣ፣
የባትሪውን ገመድ ነቀለና አወጣ።
«ዐሥር ደቂቃ ቆይ፣ ይረሳዋል» አለኝ፣
ሁለት መቶ ብሬን ቆጥሮ ተቀበለኝ።
እውነትም ረሳው።
የቀሃን ድልድይ ሳልፍ ግን አስታወሰው።

ሌላው ማሽን ሰካ፣ ኮዱን አነበበ፣
«ነዳጅ አንሷታል» ሲል ግንባሩን ሰበሰበ።
«የሞተው ሴንሰር ነው፣ የጭስ ማሽተቻው፤
ባሕር ዳር ይገኛል፣ ያገለገለ ነው የሚያዋጣው።»
ከደመወዜ ላይ ግማሹን ቆርጬ፣
በሚኒባስ አስመጣሁ፣ ለሹፌር መቶ ብር ሸጉጬ።
ተገጠመ። ጠፋች።
በማግስቱ በራች።

ሦስተኛው ሳቀብኝ፤ «ምን ያስጨንቃል?
ጥቁር ፕላስተር ለጥፍ፣ ያላዩት ይርቃል።»
ለጠፍኩ፣
ከሥሩ እንዳለች እያወቅኩ።
ሰሌዳው ላይ ስሌት ለልጆች ስፈታ
ትታየኛለች እሷ፣ ተከናንባ ተኝታ።
ሌሊቱን ተሰልፌ የቀዳሁት ቤንዚን
ጥቁር ጭስ ሆኖ አለቀ፣ ሳይደፍን ሁለት ቀን።

በመጨረሻ ይታይሽ ጋ ሄድኩ፣
አዘዞ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣ ጠይቄ ደረስኩ።
አባቷ መሪጌታ ናቸው፣ ቅኔ የሚፈቱ፤
እሷም ትፈታለች፣ መፍቻ ነው ብልሃቱ።
ማሽን አልሰካችም።
ፕላስተሬን አይታ አንድ ቃል አልወጣትም።
የጭስ ማውጫውን አፍ በጨርቅ ደፈነችው፣
ሞተሩን አስነስታ፣ ሥሩ ገብታ አደመጠችው።
«እዚህ ና» አለችኝ።
በጀርባዬ ተኛሁ። በካቻቢቴ ጫፍ አሳየችኝ፦
ከሴንሰሩ በፊት፣ ከጥጋቡ ብየዳ፣
ትስ፣ ትስ፣ ትላለች የመርፌ ቀዳዳ።

«ይኸውልህ መምህር፣ ኮዱ ኅብር ቃል ነው፤
‹ነዳጅ አነሰ› ሲል፣ ‹አየር በዛ›ም ነው።
በዚች ንፋስ ገባ፤ ሴንሰሩ ሸተተው፣
ምን ያድርግ? የሸተተውን ነው የመሰከረው።
ኮምፒውተሩም አመነ፣ ቤንዚን ጨመረላት።
ሁሉም ሐቀኛ ነው፤ ውሸታሟ እሷ ናት።»

ኤሌክትሮድ ይዛ፣ ፊቷን በመስታወት ጋርዳ፣
ነጥብ አሳረፈች።
አንዲት ነጥብ ብቻ።

ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት።
ከሥሩ ጨለማ ነበር። ሙጫውን ግን አላላቀቅኩት፤
እስካሁንም አለ፣ አቧራ ይሰበስባል።

«ጩኸቱስ?» አልኳት። እጇን እየጠረገች፣
«እሱ ሕመም አይደለም» ብላ ሳቅ አለች።

በነጋታው ሄድኩኝ ጥጋቡ ብየዳ ቤት፣
ማርሚታዬን ልለምን፣ ባፈረ አንደበት።
ከአንድ ድንጋይ ጋራ ጣውላ ተጋድሞበት
አግዳሚ ሆኗል፣ ደንበኛ የሚያርፍበት።
«ተቀመጥ፣ ወረፋ አለ» አለኝ ጥጋቡ።
ተቀመጥኩ፣
በገዛ ዝምታዬ ላይ።
ከፊቴ አንድ ወጣት መኪናውን አስጠግቶ
«ድምፅ ስጣት» ይላል፣ ዓይኖቹን አብርቶ።
እኔም ምን ልበለው? ምን አፍ አለኝ፣ በየት?
«ስፌቱን አጥብቀው» አልኩ፣ ከተቀመጥኩበት።