ግልብጥ ፊደል

ዶክተር ፍሪዘን አለኝ፣ መብራቱን አጥፍቶ፦
«የዓይንህ መስታወት ሾለ፣ ከመሐል ተገፍቶ፤
መነጽር አይችለው፣ ሌንሱ ይቆረቁራል፣
የዊኒፔግ ደረቅ ብርድ ጨምሮ ያሳርራል፤
ወረፋ ያዝ።» ያዝኩኝ። ወረፋው አላልቅ አለ፣
የካቲት ገብቶ ወጣ፣ በረዶው እንዳለ።

እስከዚያው አንድ ፊደል ሦስት ሆኖ ይታየኛል፣
«ለ» ከነጥላዋ፣ ከነልጆቿ ትመጣብኛለች።
የአውቶቡሱ ቁጥር፣ አንድ ይሁን አርባ፣
እጄን አነሣለሁ፣ ለመጣው ልገባ።
የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ነኝ፣ ታርጋ መዝጋቢ፣
ስምንቱን ከሦስቱ በጣት ዳስሼ አንባቢ።

ረዴት ከላይ ፎቅ ናት፣ የጎረቤት ልጅ፣
ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ የኮምፒውተር ወዳጅ፤
«ጋሼ ዘርጋው» አለች፣ «ዓይንዎን ተዉት እንዳለ፣
ስክሪኑን ልጠምዝዘው፣ ዓይንዎ እንደሾለ።
ዓይንዎ የሚያጣምመውን እኔ ቀድሜ ካጣመምኩ፣
ጠማማ በጠማማ ይቃናል ብዬ አመንኩ።»

ሳቅሁኝ። ግራ ገባት። ከየት ታውቀዋለች፣
እሷ ስትወለድ የእርሳስ ፊደል ሞተች።

ማተሚያ ቤት ነበርኩ፣ ፊደል ለቃሚ፣
የግልብጥ አንባቢ፣ የመስመር ገጣሚ፤
በግራ እጄ መያዣው፣ በቀኜ ለቀማ፣
ቀናውን ለማተም የምናቆም ጠማማ።
«ባ» ብለው ሲያነሷት «ቦ» መስላ ትገኛለች፣
አንድ እግሯን አጥፋ ሌላውን ዘርግታለች፤
ስንቱ ጀማሪ ልጅ «ሳ»ን በ«ሶ» ቀይሮ፣
አለቃው ፊት ቆሟል አንገቱን አቀርቅሮ።
ወረቀት ሲጫናት ግን፣ ቀለም ጠጥታ፣
ትዞራለች ያኔ፣ ትነበባለች ተቃንታ።

«ገብቶኛል» አልኳት፣ «በይ ገጹን ቆልፊው፣
ዓይኔ ወረቀት ነው፣ ፊደሉን አሳርፊው።»

ቅዳሜ ማታ መጣች፣ ላፕቶፗን ታቅፋ፣
አገጬን በመጽሐፍ ቁልል አስደግፋ፣
በሜትር ለካችኝ፣ ስልሳ ሴንቲ ሞላ፣
ቀኝ ዓይኔን ሸፈነች በካርቶን ከለላ።
«አይነቃነቁ፣ ጋሼ፣ ትንፋሽዎን ያቁሙ፣
ጣት ያህል ከሄዱ ይጠፋል ትርጉሙ።»
ስክሪኑ ላይ ያለው፣ እሷ እንደምትለው፣
ዝናብ ያገኘው ደብዳቤ ነው የሚመስለው።

እኔ ግን አየኋት።
አንዲት «ባ»፣ ብቻዋን፣
አንድ እግሯን አጥፋ፣ ዘርግታ አንደኛዋን፤
ጥላ የለ፣ ልጅ የለ፣ ድርብርብ አልነበረ፣
ጥቁረቷ ብቻ ወደ አመድ ዞረ፤
ዳር ዳሯን የሚዞር ቀጭን ቀለበት አለ፣
ጠጠር እንደወደቀበት ኩሬ የዋለለ።
«ባ!» ብዬ ጮህኩኝ፤ አገጬ ተናጋ፣
አመለጠችኝ፤ መጣ የጥላው መንጋ።

«ሠራ ማለት ነው?» አለች። ምን ብዬ ልመልስ?
አንዲት ፊደል አየሁ፣ አንድ ትንፋሽ ሳይደርስ።
በመስኮቱ በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ፣
የፋርማሲው መብራት ሦስት፣ በረዶው ሦስት በረዶ።
መንገዱንስ ማነው፣ የሰውን ፊት ማነው፣
ለኔ እንዲቃናልኝ ቀድሞ የሚያጣምመው?

እሷ ግን አገጯን ከመጽሐፉ አኖረች፣
በእኔው ስልሳ ሴንቲ አጎንብሳ ቀረች፤
በጤነኛ ዓይኗ አየች፣ ዝም አለች ላንድ አፍታ፣
«እንዲህ ነው የሚያዩት፣ ጋሼ?» አለች በቀስታ።
«አይደለም። ይሄ እርሳሱ ነው፣ ይሄ ጀርባው ነው፣
ወረቀቱ እኔ ጋ ነው፣ ማንም የማያየው።»

ሰኞ ስልክ ተደወለ። ስምንተኛ ሆኛለሁ።

ከላይ ወንበሯ ሲሳብ እሰማለሁ ሌሊት፤
ነገ «ቦ» ናት ብላኛለች፣ ሙከራ ሁለት።
ከሁለት መቶ ሠላሳ ምናምን፣ ሁለት።
«አትቸኩይ» አልኳት። እኔም የፊደል ሣጥኔን
ያወቅሁት በጣት ነው፣ ሳላስቸግር ዓይኔን።